የ«ዘንዘልማው ኑዛዜ» አንባቢዎች

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መርስዔ ኀዘን፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እናቴ «አንዴ ብቻ ሰላም ብለህ እንዳታልፍ፤ የልጄን መጽሐፍ ያሳተሙ ሰው ናቸው» ስላለችኝ በእሷ ስም ደግሜ ሰላም እላለሁ። ዓይንዎን እንዴት አደረገዎት? ስልክ ላይ ማንበብ እንደሚያስቸግርዎ ወንድሜ ጌትነት ነግሮኝ ስለ ነበር በእጄ ጽፌያለሁ። ፊደሉንም አጉልቼዋለሁ።

ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው። መጽሐፉ እዚህ ይነበባል። ባይነበብ ይሻል ነበር።

አይቆጡኝ። ወንድሜ ከተቀበረ ሦስት ወሩ ነው፤ «የዘንዘልማው ኑዛዜ» ከወጣ ደግሞ ስድስት ሳምንት። ያገኘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ነፍሱን ይማር» ይለኛል፤ ከዚያ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ «ግን እኮ» ብሎ ይቀጥላል። እኔ እስከማውቀው ከ«ነፍሱን ይማር» በኋላ «ግን» አይመጣም ነበር።

አጎታችን ጋሼ ክንዱ ዘንዘልማ ነው የሚኖረው። በመጽሐፉ ሽማግሌው ቤቱንና ግቢውን ላስታመመችው ሴት ይናዘዝላትና ልጆቹ «ኑዛዜው ይፍረስ» ብለው ክስ ይመሠርቱ የለ? ጋሼ ክንዱ ያ ክፉው የበኩር ልጅ «እኔ ነኝ» ብሏል። ማንም እንዲህ ብሎት አይደለም፤ ራሱ ነው ያለው። «ጓሮዬ ያለውን ባሕር ዛፍ ሳይቀር ጽፎታል» ይላል። እስቲ ዘንዘልማ ውስጥ ባሕር ዛፍ የሌለበት ጓሮ ይፈልጉልኝ! በሰማንያው ዝክር ቀን ከበር ተመለሰ።

ጎረቤታችን እትዬ ማህሌት ባየችኝ ቁጥር ታለቅሳለች። «መጨረሻው አንጀቴን በላው» አለችኝ። የት ደረስሽ ብላት ገጽ ስልሳ ላይ ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ካለ ካፌ የሚሰበሰቡ አንባቢዎች አሉ። ከእነሱ መካከል ጠበቃዋ ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት «ደራሲው የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ የማይሳሳተውን ተሳስቷል» ብለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። አለዚያ ይፈርሳል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን አራቱም ይፈርማሉ እንጂ ማንም አያነብም። ፍርድ ቤቱም ያጸድቀዋል። «ይህ የት አገር ነው?» ይላሉ። ወንድሜ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ኑዛዜ ሲያረቅቅ የኖረ ሰው መሆኑን ማንም አያስታውስም።

ከሁሉም የባሱት ግን የክፍል ጓደኛዬ የሒክማ አባት፣ ጋሽ ኑርሑሴን ናቸው። የወረታ ሰው ናቸው፤ እዚህ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። ማንበብ አይችሉም። ሒክማ ናት ሱቅ ቁጭ ብላ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችላቸው። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ «ገጽ ዘለልሽ» አሏት። «ወላሂ አልዘለልሁም» አለች። «ድገሚው» አሏት፤ ደገመች። «አሁንም ዘለልሽ!» አሏት። ሦስት ጊዜ! ነገሩ ያልተዋጠላቸው አራተኛው ምስክር ሐጂ ሰዒድ እንደሳቸው የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ስለሆነ ነው። «እንዲህ ያለ ሰው ያልተነበበለትን አይፈርምም። ጥቅሉን ሳይዘረጋ ጨርቅ የሚገዛ የወረታ ነጋዴ አሳዩኝ» ይላሉ። አሁን ሒክማ አባቷን አኩርፋለች። እኔንም አኩርፋኛለች፤ እኔ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

እንግዲህ አንባቢ ማለት ይህ ነው። ጌትነት ለእነዚህ ነው ዓይኑ እስኪደክም የጻፈው።

አክባሪዎ
ኪሩቤል


አዲስ አበባ
ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኪሩቤል፣

ፊደልህን ማጉላትህ ዓይኔን ጠቅሞታል። ቁጣህም አብሮ ጎልቷል፤ እሱ ደግሞ ጆሮዬን ጠቅሞታል፤ ሰው ሲቆጣ እውነቱን ይናገራል። በአጎትህ ባሕር ዛፍ ብቻዬን ሳቅኩ።

አሁን የሚያስቀውን ትተን ወደ ሥራው እንግባ። ማተሚያ ቤቱ ለሁለተኛው እትም እስከ ጥር መጨረሻ ቀን ሰጥቶኛል። የኑዛዜው ነገር ለእኔም ከሦስት ሰው ተጽፎልኛል። ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት የመጨረሻውን ምዕራፍ ከሕጉ ጋር አስማምተው ሊጽፉልን ፈቃደኛ ናቸው። በቅንነት ነው ያሰቡት፤ መጻፍም ይችላሉ። የእናትህ ፈቃድ ግን ያስፈልገኛል። ከዚያ በፊት ጌትነት በእጁ የጻፈበትን ደብተር ላክልኝ። የላካችሁልኝ በኮምፒውተር የተተየበውን ብቻ ነው። የእጅ ጽሑፉን ሳላይ የሟች ሰው ምዕራፍ ላይ ብዕር አላስነሳም።

ትምህርትህን አትተው። እናትህን በእኔ ስም እጅ ንሣልኝ።

መርስዔ ኀዘን


ባሕር ዳር
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መርስዔ ኀዘን፣

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ፈተና ነበረብን፤ ደግሞም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። አራተኛው ይህ ነው፤ ከሦስቱ የተሻለ ጨዋ ነው።

አይሆንም። የወንድሜን ምዕራፍ ሌላ ሰው አይጽፈውም። እናቴም አትፈርምም። አልጠየቅኋትም፤ ግን አውቃታለሁ።

እኔ ራሴ ቅዳሜ እለት ካፌው ሄድሁ። ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ለስላሳ አዘዙልኝ። ይሰድቡኛል ብዬ የጠበቅኋቸው ሰው ሲያከብሩኝ የባሰ ተናደድሁ።

«ወንድምህን አውቀው ነበር፤ ጎበዝ ነበር» አሉኝ።

«ጎበዝ ከነበረ ለምን የአንደኛ ዓመት ተማሪ አሉት?»

«የኔ ልጅ፣ የታመመ ሰው ይሳሳታል። ነውር አይደለም።»

«አልተሳሳተም!»

«እሺ። ታዲያ ማን ተሳሳተ?»

ተነሥቼ ወጣሁ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን እዚያው ረስቼው። ሰኞ ሒክማ ቦርሳውን አምጥታ ዴስኬ ላይ ወረወረችው። እሷም ቅዳሜ እዚያ እንደምትገኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጋሼ ክንዱ ባሕር ዛፉን አስቆረጠው። አልቀለድሁም። «ሰው እየመጣ ይቆጥረዋል» ብሎ ነው። አሁን ከዘንዘልማ ሚኒባስ ላይ የሚወርደው ሁሉ «ነገሩ እውነት ባይሆን ለምን ይቆርጠው ነበር?» እያለ ነው። እናቴ ሳቋ አመለጣት፤ ከሐምሌ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ አለቀሰች።

ስለ ደብተሩ፦ አለ። ሣጥን ውስጥ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ እናቴ ጋ ነው፤ እሷ ደግሞ በዚህ ሰሞን የምትሠራበት ፋብሪካ ፈረቃ ስለቀየረባት አንገናኝም። ሲመቸን እልካለሁ።

ኪሩቤል


አዲስ አበባ
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኪሩቤል፣

አጭር ጥያቄ አለኝ፤ ቁጣህን ወዲያ አስቀምጠህ መልስልኝ።

በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ደራሲው የመጨረሻው ረቂቅ ከዳር እስከ ዳር ተነቦለት አጽድቆታል» ብዬ አሳትሜያለሁ። ያሳተምኩት በአንተ ቃል ነው። «ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ሆኜ አነበብሁለት» ብለህ የጻፍክልኝ ወረቀት አሁን ፊቴ ነው። እንደዚያው ነው?

መርስዔ ኀዘን


ባሕር ዳር
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መርስዔ ኀዘን፣

አዎ። እንደዚያው ነው። ተነቦለታል።

ሰው ወንድሙን ቀብሮ እንደገና ይመረመራል ማለት ነው? በቃ ማንም ምንም አይጨምርበት፣ ማንም ምንም አይቀንስበት። መጽሐፉ እንዳለ ይታተም፤ ካልሆነም ይቅር።

እናቴ ሰላም ትላለች።

ኪሩቤል


ባሕር ዳር
ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መርስዔ ኀዘን፣

ከዚህ በፊት የላክሁትን ደብዳቤ ይቅደዱልኝ። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ግን አሁን አልጠይቅም፤ መጀመሪያ ይስሙኝ።

እሑድ እለት ጋሽ ኑርሑሴን ቤታችን መጡ። ለልቅሶ የሚያዝ ስኳር ይዘው ነው የመጡት፤ በሐምሌ ወረታ ስለነበሩ አልደረሱም። እናቴን አጽናኑ፤ ስለ ወንድሜ ዱዓ አደረጉ። ሒክማ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ስማ ልጄ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ከልጄ ጋር ተኳርፌያለሁ። ወይ እሷ ዘላለች፤ ወይ እኔ በከንቱ ከስሻታለሁ። ልቆጣት ወይስ ይቅርታ ልጠይቃት? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«አልዘለለችም» አልሁ። «መጽሐፉ እንዲሁ ነው።»

«መጽሐፉን ማን አስጻፈው? ወንድምህ በእጁ የጻፈው የለም? አምጣውና ታንብብልኝ።»

«አባ፣ ይብቃ!» አለች ሒክማ።

«ደብተሩ አለ፤ ግን የሣጥኑ ቁልፍ የለም» አልሁ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ቁልፉ ከማተብህ ጋር ታስሮ አንገትህ ላይ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

አዎ፣ አንገቴ ላይ ነበር። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እዚያው ነው። ለእርስዎ «እናቴ ጋ ነው» ያልሁት ውሸት ነው። ይህ ትንሹ ውሸት ነው።

ጋሽ ኑርሑሴን ተነሡ። «ነገ ሱቅ ነኝ» ብለው ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ሣጥኑን ከፈትሁት። ደብተሩ ላይ ከቀብሩ ቀን እስከዚያች ሰዓት ድረስ እጄን አላሳረፍሁም ነበር፤ ለምን እንደሆነ አሁን እነግርዎታለሁ።

ጌትነት የኩላሊት ሕመሙ ሲጠና ሐኪሙ ማንጎ ከልክሎት ነበር። ማንጎ ደግሞ ነፍሱ ነው። «አንተ ብላው፤ እኔ ላሽትተው» ይለኝ ነበር። እሱ ተኝቶ፣ እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ማንጎ እበላለሁ፤ በዚያው እጄ ደብተሩን እየገለጥሁ በቢሮው ላፕቶፕ እተይባለሁ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ምዕራፎች የተየብኋቸው እኔ ነኝ። አሁን ደብተሩን ስገልጠው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሁለት ቅጠል እርስ በርሱ ተጣብቋል። የማንጎው ጭማቂ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። በምላጭ ቀስ ብዬ አላቀቅሁት። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ውስጡ አለ፤ አይቼው የማላውቅ።

ጋሽ መርስዔ ኀዘን፣ እንዳለ ልገልብጥልዎ። ጸሐፊው ኑዛዜውን አንገቱን ደፍቶ ያነበንባል። ሐጂ ሰዒድ ብዕሩን ያስቀምጥና፦

«ልጄ፣ ለራስህ ነው እንዴ የምታነበው? እኔ ጨርቅ ሳይዘረጋ አልገዛም፤ ወረቀት ሳይነበብልኝ አልፈርምም። ዘርጋው!»

በሽተኛው ከአልጋው ላይ «ሐጂ፣ ቶሎ በሉ እንጂ፤ እኔ እቸኩላለሁ» ይላል።

«አንተ ትቸኩላለህ፤ ወራሾችህ ግን አይቸኩሉም። እድሜ ልካቸውን ይሟገታሉ። አንተ ልጅ፣ ከላይ ጀምር!»

ጸሐፊውም ከላይ ጀምሮ ጮክ ብሎ ያነበዋል። መነበቡንም እታች ይጽፋል። ከዚያ ነው የሚፈርሙት። ሁሉም ነገር አለ። ወንድሜ አንድም ነገር አልተሳሳተም። የአንደኛ ዓመቱ ተማሪ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ትልቁ ውሸት ልምጣ። ተይቤ እንደጨረስሁ «ከዳር እስከ ዳር አንብብልኝ፤ ያልሰማሁትን አላጸድቅም» አለኝ። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አነበብሁለት። በሦስተኛው ቀን መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ድምፄን ቀነስሁ። አሁንም አልነቃም። አቆምሁ። አሥራ አንድ ገጽ ይቀር ነበር። እንዲያርፍልኝ ነው እንጂ ላታልለው አልነበረም። ሲነቃ «ጨረስህ?» አለኝ። «ጨረስሁ» አልሁት። እንደገና እንድጀምር ቢያዘኝ ይደክምብኛል ብዬ ነው።

«ሐጂ ሰዒድ ያስቃል?» አለኝ።

«ያስቃል» አልሁት።

ፈገግ አለ። በአምስተኛው ቀን አረፈ።

የቱን ገጽ እንደጠየቀኝ አሁን ገባኝ። ያን ጊዜ አንብቤለት ቢሆን «የታለ?» ይለኝ ነበር። አላለኝም፤ ምክንያቱም አልሰማም። ከዚያ እኔ ለእርስዎ «ተነቦለታል» ብዬ ጻፍሁ፤ እርስዎም አተሙት። ጠበቃዋ በወንድሜ ላይ ሲስቁ፣ ሰው ሁሉ «የታመመ ሰው ይሳሳታል» ሲል፣ እኔ በአንባቢው እበሳጫለሁ።

የፈለጉትን ይበሉኝ። የጌትነትን ስም ግን ያጥሩልኝ። ሌላ የምለምንዎ ነገር የለኝም።

ኪሩቤል


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኪሩቤል፣

ገጾቹን ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። ያስቃል።

አልሰድብህም። ደብተሩን ያኔ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጌትነት በሕይወት እያለ መጽሐፉ እጁ እንዲገባ ብዬ ቸኮልኩ፤ እሱም አልሆነ፣ ሥራውም ተበላሸ። አንተ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነህ፤ እኔ በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። ድርሻችንን እንዳቅማችን እንካፈል።

ሁለቱ ገጾች ይገባሉ። ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት ምንም አይጽፉም። የቀረን ያቺ የመጀመሪያው ገጽ ዓረፍተ ነገር ናት። ዝም ብዬ ልሰርዛት እችላለሁ፤ ማንም አያስተውልም። ግን አንድ ሺህ ሰው ቤት ገብታለች። የሚተካት እውነት ከሌለ መሰረዟ ራሱ ሌላ መዝለል ነው። ስለዚህ አንተ ጻፋት። ስምህን መጻፍ አለመጻፍ የአንተ ፋንታ ነው። ያልተነበቡትን ገጾች ደግሞ ሰው ፊት ጮክ ብለህ አንብባቸው፤ የሰሙትም ይፈርሙልህ። ወንድምህ የጻፈው ሕግ ነው፤ እኛም እንጠብቀው።

ማተሚያ ቤቱ እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቀናል።

መርስዔ ኀዘን


ባሕር ዳር
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ መርስዔ ኀዘን፣

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎ። ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። አደራ፣ አራተኛው ፊርማ ቀለም ፈሶበት አይደለም፤ የጋሽ ኑርሑሴን አውራ ጣት ነው።

ያነበብሁት ትናንት እሳቸው ሱቅ ውስጥ ነው። እናቴ፣ ሒክማ፣ ወይዘሮ ፍሬ ስብሐትና ጋሽ ኑርሑሴን በጨርቅ ጥቅሎች ላይ ተቀመጡ። ያልተነበቡትን አሥራ አንድ ገጾችና ከደብተሩ የተገኙትን ሁለቱን አነበብሁ። «እኔ እቸኩላለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ እናቴ ሳቀች፤ እዚያው ላይ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ሐጂ ሰዒድ «ዘርጋው!» ሲል ግን ጋሽ ኑርሑሴን ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ይህ የኔ ነው! የሱቄን ውል ወንድምህ ነው ያነበበልኝ፤ እዚያ ቢሮ። ሲያነበንብብኝ ይህንኑ አልሁት። ሦስት ጊዜ አስደገምሁት፤ አልሰለቸኝም።»

ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ በእውነት ያለው ሰው ጋሼ ክንዱ አይደለም። ይህን እናቴ ዛሬ ጠዋት ደውላ ነገረችው። ደስ ይለዋል ብለን ነበር። «ታዲያ ባሕር ዛፌን ማን ሊመልስልኝ ነው?» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት ፈረሙ። «ወንድምህን በድዬዋለሁ፤ ቅዳሜ ሁሉም ባለበት እናገራለሁ» አሉኝ። ልሳም ጎንበስ ስል «ግን እኮ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ቀጠሮው ረዝሟል» አሉ። ምን ልበልዎ። አንባቢ ናቸው።

ጋሽ ኑርሑሴን ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አልዘለልሽም» አሏት።

«ሦስት ጊዜ ነው ያስደገምኸኝ፣ አባ።»

«ሦስት ጊዜ ይቅር በይኝ።»

«አንድ ቀረህ፤ ማታ ቤትም አስደግመኸኛል» አለች። ለካ አራተኛም ነበር፤ እሱን ሳትነግረኝ ነው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔን ገና ይቅር አላለችኝም።

አባቷ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ሊያደርጉ ሲሉ ታችኛውን ወረቀት አዩት። እርስዎ ጻፍ ያሉኝ ነው።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የሚገባ ማስታወቂያ ነው። እኔ የጻፍሁት።»

«አንብበው።»

«አጭር ነው፣ ጋሼ። ለማተሚያ ቤት ነው እንጂ...»

«ያልተነበበልኝን አልፈርምም አላልሁህም? አንብበው።»

አነበብሁ። እንዲህ ይላል፦

«በመጀመሪያው እትም ደራሲው ሙሉ ረቂቁ ተነቦለት እንዳጸደቀው ተጽፎ ነበር። የመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ገጾች አልተነበቡለትም። ተነቦለታል ብዬ የዋሸሁት፣ ከመጨረሻው ምዕራፍ ሁለት ገጽ ሳልተይብ የዘለልሁትም እኔ ወንድሙ ኪሩቤል ነኝ። ደራሲው አልተሳሳተም። አሁን ሁሉም በአራት ሰዎች ፊት ተነቧል።»

ጋሽ ኑርሑሴን ጣታቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቆዩ።

«ዘለልህ» አሉኝ።

«አልዘለልሁም! ሁሉንም አነበብሁ።»

«'የዋሸሁት' የሚለው ላይ ድምፅህ ጠፋ። አልሰማሁትም። ድገመው።»

ሒክማን አየኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች፤ እንኳን ደህና መጣህ እንደማለት። ከላይ ጀምሬ፣ ገበያው እስኪሰማ ጮኬ ደገምሁት። ያን ጊዜ ጣታቸውን አሳረፉ።

አክባሪዎ
ኪሩቤል